የተኩስ ልምምድ ካርድ፦ ከውጭ የመጣውን ልግዛ ወይስ ደሴ ላሳትም?

የድርጅት ጥበቃ ለምታሰለጥኑ፣ ወይም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያወጣችሁበትን መሣሪያ ይዛችሁ ልምምዳችሁን መልክ ለማስያዝ ለምትፈልጉ የወሎ አንባቢዎች ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከውጭ የሚመጣው ካርድ ያምራል፤ ይዘቱ ግን አብዛኛው ለእኛ አይሆንም።

ካርዱን አይቶት ለማያውቅ፦ በእያንዳንዱ ላይ አንድ መልመጃ ተጽፎበታል። ርቀቱ፣ የጥይቱ ብዛት፣ አቋቋሙ፣ የተፈቀደው ጊዜ፣ ማለፊያው ነጥብ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይገኛል። ሰው ለራሱ ሲተው የሚቀናውን ብቻ ይደጋግማል፤ በደረቱ ተኝቶ መተኮስ የሚቀናው ሰው ቆሞ የመተኮስ ተራ አይደርሰውም። ካርዱ ግን አያዳላም፣ የጠላውንም መልመጃ ያመጣበታል። ተሳስቶ የተኮሰን ሰልጣኝ «አብሽር» ብሎ ማለፍ የወሎ ሰው ደግነት ነው፤ ካርዱ ላይ የሰፈረው ነጥብ ግን በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው ይጠብቀዋል።

ከውጭ የታተመው ጥቅል በጥራት አይታማም። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ሥዕሉ ግልጽ ነው፣ መልመጃዎቹም የተፈተኑ ናቸው። ቢል ድሪል የሚባለው በ7 ያርድ ርቀት 6 ጥይት በፍጥነት መተኮስ ነው። አሜሪካዊው የተኩስ አሰልጣኝ ጄፍ ኩፐር ያስተዋወቀው ኤል ፕሬዚዴንቴ ደግሞ ጀርባን ለኢላማ ሰጥቶ ከመቆም ይጀምራል፤ ዞሮ፣ ሽጉጥ መዝዞ፣ ሦስት ኢላማዎችን በ12 ጥይት መምታት ነው፤ በመካከሉ ካዝና (የጥይት መያዣው) ይቀየራል። ዶት ቶርቸር በአሥር ትንንሽ ክቦች ላይ 50 ጥይት ይፈጃል። ሦስቱም ለሽጉጥ የተቀመሩ ናቸው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ ክላሽ ወይም ሲሞኖቭ አንግቶ ለሚያድር ጥበቃ ከወገብ የመምዘዝ ፍጥነት ምን ይረባዋል? ረጅም መሣሪያ ይዞ ዞሮ መተኮስማ፣ ከኋላ የሥራ ባልደረቦቹ በተሰለፉበት ቦታ ላይ ጭራሽ አልመክረውም።

ሌላው ጣጣ ልኬቱ ነው። 7 ያርድ ወደ 6.4 ሜትር ገደማ፣ 25 ያርድ ደግሞ ወደ 23 ሜትር ነው። የክላሽ የኋላ ማነጣጠሪያ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ግን በመቶ ሜትር የሚቆጠሩ ናቸው፤ 3 ማለት 300 ሜትር ነው። ሰልጣኙ በአንድ ዓይኑ ያርድ፣ በሌላው ሜትር እያየ እንዲለማመድ ማድረግ ሆን ብሎ ማደናገር ነው። በዚያ ላይ በአንድ መልመጃ 50 ጥይት የሚጠይቅ ካርድ፣ ጥይት እየተቆጠረ በሚሰጥበት ጥበቃ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ከመተኛት ሌላ ዕጣ የለውም።

ስለዚህ ወደ ሁለተኛው አማራጭ እንምጣ፤ ራስን ማርቀቅና ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ባለ ማተሚያ ቤት ማሳተም። የዚህ ትልቁ ብልጫ ያለ ጥይት የሚሠሩ መልመጃዎችን ማብዛት መቻሉ ነው። አንዱን ላሳይ። «ካዝናውን አውጣ። አቀባብለህ መጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ቆመህ አነጣጥር። ረዳትህ ከጎን ሆኖ በፊት ማነጣጠሪያው ላይ ሳንቲም ያስቀምጥ። ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጩን ሳብ። አሥር ጊዜ።» ከውጭ የመጣ ካርድ ይህን ቢጽፍም ክላሽን አያስብም። ክላሽ ባዶውን አንድ ጊዜ ከተሳበ በኋላ እንደገና ካልተቀባበለ ምላጩ አይሠራም፤ ስለዚህ «አከታትለህ ሳብ» የሚል ካርድ ለዚህ መሣሪያ ትርጉም የለውም። የእናንተ ካርድ ግን «አቀባብል» የሚለውን በየመሐሉ ሊጽፍ ይችላል።

አቅጣጫውንም ካርዱ ላይ አስጽፉ። ደሴ በተዳፋት ላይ ቤት ከቤት ተደራርቦ የተሠራባት ከተማ ናት፤ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ጥይት አያቆምም። መሣሪያው ባዶ መሆኑ ቢረጋገጥም አፈሙዙ ወደ ተቆረጠ የአፈር ግንብ እንጂ ወደ ጎረቤት መዞር የለበትም።

ስታሳትሙ የሚያብረቀርቅ ላሚኔት (የፕላስቲክ ሽፋን) አትምረጡ። በኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ጽሑፉ አይነበብም። የማያብረቀርቀው ላሚኔት የደሴን የክረምት ዝናብና ጉም ይችላል፣ በእርሳስም ሊጻፍበት ይችላል። የመጫወቻ ካርታ መጠን ያለውንም ተዉት። ያማረ ቢሆንም፣ ለጎልማሳ ዓይን የደብተር ግማሽ ገጽ የሚያህል ይሻላል። ካርዶቹን በውዞ ማውጣት የሚባለውንም ለጀማሪ አልደግፍም፤ ቅደም ተከተላቸው የተወሰነ ይሁን።

በስልክ ላይ የሚጫን፣ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ጊዜውን የሚመዘግብ የሰዓት መቆጣጠሪያ ሦስተኛው ምርጫ ነው። ብቻውን ለሚተኩስ ሰው ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ተሰልፎ ሲተኩስ ግን የጎረቤትን ተኩስ የእናንተ አድርጎ ይመዘግባል፤ ባዶ መሣሪያ ሲሳብ የሚሰማውን ቀጭን ድምፅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይለየውም። የሚጠቅመው የመጀመሪያና የመጨረሻ ደወል እንዲሰጥ ብቻ ሲደረግ ነው። ካርድን አይተካም፣ ያግዘዋል።

ደብተር? አንድ መሣሪያ ላለው፣ ብቻውን ለሚለማመድ ሰው ይበቃል። ገጹን ለሁለት ይክፈለው፤ በግራ መልመጃውን፣ በቀኝ ውጤቱን ይጻፍ፤ ገንዘቡንም ያስቀር።

አሰልጣኝ ሆኖ ብዙ ሰው የሚመራ ግን የታተመውን ካርድ ይምረጥ፤ ከውጭ ጥቅል ውስጥ የሚወስደው ሐሳቡን እንጂ ካርዱን አይሁን። ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት ማተሚያ ቤቱ አንድ ናሙና እንዲያወጣለት ይጠይቅ፤ ናሙናውን ክንዱ እስከሚደርስበት ዘርግቶ ውጭ ፀሐይ ላይ ያንብበው፤ ውሃም ያፍስስበት። የፊደሉ ቀለም ከለቀቀ ሌላ ማተሚያ ቤት ይሂድ።