የሰፈራችን እድር የሕፃናት ማቆያ፣ ደብረ ማርቆስ

ልጄን ለማን ትቼ ሥራ ልግባ ብላችሁ ለምትጨነቁ እናቶች ነው የምጽፈው። የሰፈራችን እድር ድንኳንና ወንበር ከሚያስቀምጥበት ቤት አንዱን ክፍል አጽድቶ የሕፃናት ማቆያ ከፍቷል። ልጄ እዚያ ነው የሚውለው።

የወሊድ ፈቃድ በሕግ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። ሕፃን ግን እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ መጥባት አለበት። የቀረውን 3 ወር እናት ምን ታድርግ? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። የእኔ መሥሪያ ቤት እስካሁን የለውም። ጉሊት የምትሸጠዋ ጎረቤቴ ደግሞ ጭራሽ ፈቃድ የሚሰጣት የለም። ለዚህ ነው ማቆያውን የምወደው፤ እሷም እኔም እኩል እንገለገልበታለን።

ተንከባካቢዋ ልጅ ስትረከብ መጀመሪያ ግንባሩን በእጇ ጀርባ ትነካለች። ካተኮሰው አትቀበልም። ቅር ያላቸው እናቶች አሉ፣ እኔ ግን ልክ ናት እላለሁ። ጡጦ አይገባም። አልቤ የማመጣውን የጡት ወተት በኩባያና በማንኪያ ነው የምታጠጣው፣ ቀስ ብላ፣ ልጁን ቀና አድርጋ ይዛ። ጡጦ በደንብ ካልታጠበ ተቅማጥ ያመጣልና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ማታ ስንት ጊዜ እንደጠጣ፣ ስንት ጊዜ እንደቀየረችው ከደብተር ታነብልኛለች።

ክፍያው ቀላል ነው። እጅ ያጠራት እናት በገንዘብ ፈንታ ተራ ገብታ ልጆቹን ትጠብቃለች፣ ልክ እንደ ወንፈል። ልትጠብቅ የገባች እናት የሌላውን ልጅ ከራሷ ለይታ ስታይ አላየሁም።

ሁለት ነገር መስተካከል አለበት። አንደኛ፣ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኛ ከቢሮ የምንወጣው 11:30 ነው፤ በየቀኑ አለቃ ለምኖ መውጣት ያሳቅቃል። ሁለተኛ፣ ሲሚንቶው ላይ ያለው ሰሌን ብቻ ነው። የማርቆስን የክረምት ብርድ ታውቁታላችሁ፣ የሚድሁ ልጆች አሉ። ወፍራም ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ያስፈልጋል።

ሁለቱንም ለእድሩ ጸሐፊ ነግሬያቸዋለሁ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ይነሳል ብለውኛል። የሰፈራችን እናቶች፣ ባሎቻችሁን ብቻ አትላኩ፤ ራሳችሁ ኑ። ትርፍ ፍራሽ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ።