ዘጠኝ ወር ከ«ሲኖው» ጋር

እህቴ መስከረም ላይ ከለንደን ስትመጣ ሻንጣዋ አንድ፣ ካርቶኗ ሁለት ነበር። ትልቁን ካርቶን ከመኪና ለማውረድ ባለቤቴና የአከራያችን ልጅ ተጋገዙ። ስንከፍተው የሕፃን ጋሪ ነው። ያውም ትልቁ ዓይነት። ጨቅላ የሚተኛበት አልጋ አለው፣ ልጁ ከፍ ሲል የሚቀየር ወንበር አለው፣ ከሥሩ ሰፊ የዕቃ ቅርጫት፣ ከኋላ ደግሞ አየር የሚሞሉ ሁለት ትልልቅ ጎማዎች። ልጃችን ያኔ ገና ሁለት ወር ተኩሉ ነበር። አሁን ሰኔ ገብቷል፣ እሱም ግድግዳ ይዞ መቆም ጀምሯል።

የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም፤ ዕቃው በደንብ የተሠራ ነው። ችግሩ መጠኑ ነው። በሜትር ለካሁት፣ ከጎማ እስከ ጎማ 63 ሳንቲ ሜትር። ባዶውን 14 ኪሎ ይመዝናል። ልጄ ባለፈው ሲመዘን 9 ኪሎ ሞልቷል። ሁለቱን ደምሩትና ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ላይ ሦስት ኪሎ ስኳር ጨምራችሁ አስቡት። የሰፈር ልጆች ስም ለማውጣት ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም። በሩን ስከፍት «ሲኖው ወጣ!» ይላሉ፣ ሲኖትራክ ለማለት ነው።

መልካሙን ላስቀድም። አስፋልት ላይ እንደዚህ ጋሪ የሚመች ነገር የለም። እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ተነስቼ የፋሲል ግቢን አጥር ይዤ እስከ ጃንተከል ዋርካ ስገፋው በአንድ እጅ ይሄዳል። ልጁም መንገድ ሳናጋምስ እንቅልፉን ይለጥጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልጋው በጣም ጠቅሞናል። ጨቅላ ራሱን ችሎ እስኪቀመጥ ድረስ በጀርባው ዘርጋ ብሎ መተኛት አለበት፣ ይኼኛው ደግሞ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። ኮብልስቶን ላይም ቢሆን የኋላ ጎማዎቹ ንዝረቱን ይውጡታል።

እሾህ ግን አይውጡም። ታኅሣሥ ላይ የቀኙ ጎማ ተነፈሰ። ወደ ጎሚስታ ወሰድኩት። ሰውየው መጀመሪያ ጋሪውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። «ይሄ ስንት ኩንታል ይጭናል?» አለኝና ሳቀ። ከመነዳሪውን አውጥቶ ነፋው፣ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክሮ በጣቱ እያዞረ አረፋ የምታወጣዋን ቀዳዳ አገኛት። በሞረድ ፋቀ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እፍ እፍ አለበትና ለጠፈ። እስከ ዛሬ ይዟል። አየር የሚሞላ ጎማ ከመረጣችሁ ይህን ዕወቁ፤ የማይሞላ ድፍን ጎማ ይነዝራል እንጂ ጎሚስታ አያስኬድም።

ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት ይባላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከፍታዋ አይደለም፣ ሜዳ አለመሆኗ ነው። ቁልቁል ስወርድ ከእጀታው ጋር የተሰፋችውን ማሰሪያ አንጓዬ ላይ ሳላስር አልንቀሳቀስም። ቆሜ ሰላም ስል እንኳ መጀመሪያ ፍሬኑን በእግሬ እረግጣለሁ። የጎንደር ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም።

መከራው የጀመረው ሱቅ ላይ ነው። የእኛ ሱቅ በሩ ላይ ደፍ አለ፣ ከደፉ በፊት የተደረደረ ሳፋና ባልዲ፣ ከደፉ በኋላ ጆንያ። 63 ሳንቲ ሜትር የት ይግባ? አንድ ሚኒ ማርኬት ውስጥ በድፍረት ገባሁ። መደርደሪያዎቹ መሃል እስከ ዳይፐሩ ድረስ ሄድኩ፣ ከዚያ ወዲያ መዞሪያ የለም። ከኋላዬ ሦስት ሰው ቆሟል። ሦስቱም ወደ ኋላ ወጡልኝ፣ እኔም ሪቨርስ ተያያዝኩት። አንዱ ጎልማሳ ከበሩ ላይ ሆኖ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ወደ ቀኝ ስበሪው!» እያለ እንደ መኪና ረዳት አስወጣኝ። ዳይፐሩን ረስቼው ወጣሁ።

አራዳ ገበያ ደግሞ ሌላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሻጮቹ ማዳበሪያ አንጥፈው ሽንኩርቱን፣ ድንቹን፣ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ቆልለዋል። መሃል ላይ የቀረው መንገድ ለአንድ ሰው ነው። በዚያ ላይ ከፊት ለፊቴ ከሰል የጫኑ ሁለት አህዮች መጡ። ተፋጠጥን። አህያ ወደ ኋላ አይሄድም። ጋሪዬን ወደ ጎን ሳደርግ የፊቱ ጎማ የአንዲት እናት ማዳበሪያ ጫፍ ላይ ወጣ፣ አንድ መደብ ድንች ተናደ። «ኧረ በማርያም! ልጄ፣ መኪናሽን ከቤት አታቆሚውም?» አሉኝ። አልተቆጡም፣ ግን እውነታቸውን ነው። ድንቹን ለቅሜ ከለስኩላቸው፣ ሁለት መደብም ገዛሁ።

የዚያን ቀን ሌላም ተማርኩ። የገዛሁትን ሁሉ በፌስታል እጀታው ላይ አንጠልጥዬ ቤት ደረስኩ። ልጁን ከወንበሩ ሳነሳው ጋሪው ወደ ኋላ ተገለበጠ፣ ቲማቲሙ ቁልቁል ወረደ። ሚዛኑን የያዘው የልጁ ክብደት ኖሯል። ከነልጁ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል። ከባድ ነገር ከሥር ቅርጫት ውስጥ ነው የሚገባው። እጀታ ላይ ምንም አይንጠለጠልም፣ የእናት ቦርሳም ቢሆን።

ትራንስፖርት ላይ ስንመጣ ጋሪው ልጁን ይሸከማል፤ ጋሪውን ማን ይሸከማል? ለማጣጠፍ ወንበሩ ይነቀላል፣ ከዚያ አካሉ ይታጠፋል፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ልጁን ምን ላድርገው? ይህን የመለሰልኝ የጎንደር ሰው ነው። ባጃጅ ቆሞ እኔ ስንደፋደፍ የማላውቃት ሴት ከየትም ብቅ ትልና «አምጪው፣ ልያዝልሽ» ትላለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድም ቀን ያዥ አጥቼ አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ አካሉ መቀመጫው ላይ ይጋደማል፣ ወንበሩ እግሬ ሥር፣ ልጁ ጭኔ ላይ። ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ እኔ፣ ልጄና ጋሪው ሦስት ሞላን። ሾፌሩም «እህቴ፣ ይሄማ ኮንትራት ነው» ይላል። ምን ልበለው?

ለገና አዘዞ እናቴ ጋ ስንሄድ በሚኒባስ ሞከርን። ረዳቱ በሩን እንደያዘ «እሱ ወደ ላይ!» አለ። ፖርቶ መጋላ ላይ ከሽንኩርት ጆንያና ከታሰሩ ዶሮዎች ጎን ታሰረ፣ የሁለት ሰው ሂሳብም ከፈልን። ሲወርድ የፀሐይ መከለያው አንድ ዘንግ ተጣሟል፣ መቀመጫው ላይ ላባ አለ።

ይህን ለእህቴ በስልክ ስነግራት ገረማት። እነሱ ጋ አውቶብሱ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለ፣ ጋሪው ሳይታጠፍ ገፍቶ መግባት ይቻላል። ቦታው ግን በመጀመሪያ የተተወው ለአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር ነው። በዚህ ጉዳይ ክስ ተነስቶ እንግሊዝ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲት እናት የተኛ ልጅ ያለበትን ጋሪ አላነሳም ስላለች ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ሳይሳፈር ቀረ። በ2017 ፍርድ ቤቱ ሾፌሩ እባክሽ ብሎ ብቻ መተው የለበትም፣ ከዚያ በላይ መጣር አለበት ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ጋሪ የሚያጨቃጭቀው እኛን ብቻ አይደለም።

አዘዞ ላይ እናቴ ጋሪውን ዞር ዞር ብላ አየችው። ምንም አላለችም። ጓዳ ገብታ አንቀልባ ይዛ ወጣች። እኔ የታዘልኩበት ነው። ቆዳው ለስልሷል፣ ዛጎሉ እዚህም እዚያም ረግፏል። ከገና ወዲህ ገበያ የምሄደው በእሱ ነው። ሁለት እጄ ነፃ ነው፣ አህያ ሲመጣ ዘወር እላለሁ፣ ታክሲም የአንድ ሰው ነው የምከፍለው። ለጥምቀትማ ጋሪውን ለማውጣት ያሰበ ሰው አልነበረም። ጀርባዬ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አይችልም፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም።

አንድ ነገር ከአማቴ ጋር ያከራክረናል። እሳቸው ጋሪውን በነጠላ ጥርቅም አድርገው ይሸፍኑታል፤ ዓይን ይበላዋል ብለው። በፀሐይ ተሸፍኖ የቆመ ጋሪ ውስጡ አየር አያገኝም፣ ቶሎ ይግላል። አንድ ቀን እጄን ከነጠላው ሥር ሰድጄ የልጁን አንገት ስነካው በላብ ርሷል። የሳቸውንም እጅ ይዤ አስነካኋቸው። አሁን ነጠላው ከላይ መከለያው ላይ ጣል ይደረጋል፣ ፊቱ ክፍት ነው። ለዓይኑ ደግሞ እሳቸው መላ አላቸው፤ «ቱ፣ ቱ» ይሉታል።

ንዴቴ ሲብስ ይህን ጋሪ ያቀለለ ሰው የለም ወይ ብዬ ፈለግሁ። አለ። ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የሚታጠፍ እግር ላይ የሠራ። ሴት ልጁ ከሞስኮ የልጅ ልጁን ይዛ ስትመጣ ከከባድ ጋሪ ጋር ስትታገል አየና እ.ኤ.አ. በ1965 ከአሉሚኒየም እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ ጋሪ ሠራ። የመጀመሪያው ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። የእኔው 14 ኪሎ!

ከውጭ ዘመድ «ምን ላምጣልሽ?» ካላችሁ እንግዲህ በአንድ እጅ የሚታጠፈውን፣ አንጠልጥላችሁ ደረጃ የምትወጡበትን በሉ። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉት ብዙዎቹ ወንበራቸው አይዘረጋም፣ ስለዚህ መቀመጥ ለቻለ ልጅ ናቸው። እስከዚያው አንቀልባና የዘመድ እቅፍ አለ። ግቢያችሁ ሜዳ ከሆነና መኪና ካላችሁ ትልቁም ክፉ አይደለም። እኛ ሁለቱም የለንም።

ሲኖው ሥራ አልፈታም። ባለፈው ሳምንት ውሃ ጠፍቶ ስንከርም ባለቤቴ በጠዋት ይዞት ወጣ። መመሪያው ላይ ወንበሩ ከ15 ኪሎ በላይ አይጫንበትም ይላል፤ እኔም ነግሬዋለሁ። ሲመለስ ልጆቹ እየጮሁ ከኋላው ይከተሉታል። ቢጫው ጀሪካን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ቀበቶውም በትከሻው በኩል ታስሮለታል።