የማስተርስ ፎርም ስትፈርሙ የታጠፈውን ዘርጉት

ነገሩ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። የሆነው ትናንት ሐሙስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም። ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ለመጀመር ያሰባችሁ፣ በተለይ እንደኔ ቅዳሜና እሁድን ሰውታችሁ ልትማሩ የተዘጋጃችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

97 ሺህ ብር ከፍዬ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የተማርኩት ትምህርት ለዲግሪ እንደማይያዝ በአንዲት የመስኮት ቀዳዳ በኩል ተነገረኝ። ወድቄ አይደለም። ክፍያ ጎድሎብኝም አይደለም። 12 ኮርሶቼን ጨርሻለሁ፤ አማካይ ውጤቴ 3.61 ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን አማካሪዬ ፈርሞበታል። የቀረኝ የዲፌንስ፣ ማለትም ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የማቀርብበትን፣ ቀን ማስያዝ ብቻ ነበር።

አቤቱታ ላስገባ ስለሆነ የኮሌጁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ ሦስት ወለል ተከራይቶ፣ መገናኛና ሜክሲኮ የማስታወቂያ ወረቀት የሚያስበትነውን። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ «ቅናሹ ዓርብ ያበቃል» የሚለውን። ስልካችሁ አንዴ እጃቸው ከገባ ጠዋት ማታ ይደውላሉ። «እህቴ፣ ቦታው እንዳያመልጥዎት» ይላሉ። እኔን ያስመዘገበኝም ከነሱ አንዱ ነው። ሽክ ያለ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያወራ፣ ምላሱ ማር የሆነ ልጅ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በ2008 በኬሚስትሪ ተመርቄ፣ እንደ ብዙዎቻችን፣ የተገኘው ሥራ ባንክ ሆነና ገባሁ። የደረጃ ዕድገት በወጣ ቁጥር ማስተርስ ያላቸው ይቀድሙኛል። ስለዚህ ኤምቢኤ ልማር ወሰንኩ። በ2016 ጥቅምት ላይ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሌላውን መስፈርት ሁሉ አጥብቀው ነው የጠየቁኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ የቢዝነስ ስላልሆነ ሦስት ማሟያ ኮርሶች ይውሰዱ አሉኝ። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኢኮኖሚክስ። 7,500 ብር ከፈልኩ፤ ተገቢም መስሎኝ ነበር። ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ያምጡ ተባልኩ፤ አመጣሁ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ይምጣ አሉኝ። ለዚያ ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ዕዳዬን መዝጋት ነበረብኝና ከእቁብ የደረሰኝን ብር ወስጄ ዘጋሁ። እንዲህ ወረቀት የሚያጠብቅ ተቋም ያታልለኛል ብዬ በምን ልጠርጥር? ያመንኳቸው በዚህ ነው።

ያስመዘገበኝን ልጅ ስለ መግቢያ ፈተናው ጠይቄዋለሁ። ይህ ነው ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ባልጠይቅ ኖሮ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ዝም እል ነበር። «ማስተርስ ለመማር የትምህርት ሚኒስቴርን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩት።

ፈገግ አለ። «እሱ የአዲሶቹ ተመራቂዎች ነው እህቴ። ከ2015 ወዲህ የተመረቁት ናቸው የሚፈተኑት። እርስዎ የ2008 ነዎት፤ አይመለከትዎትም» አለኝ።

እውነትና ውሸትን እንዴት አድርጎ እንደ ቀላቀለው አያችሁ? ከ2015 ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ነው። እሱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሲጨርሱ የሚወስዱት ነው፤ እውነትም እኔን አይመለከተኝም። እኔ የጠየቅኩት ግን ስለ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት ስለምንለው ነበር። ይህኛው ፈተና የመቼም ዓመት ተመራቂ ቢሆን፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም ማስተርስ የሚገባ ሁሉ የሚያልፈው ነው። ልጁ መውጫውን አንስቶ መግቢያውን ሸፈነልኝ። ሁለቱን የማላውቅ መሆኔን ከአነጋገሬ ለይቶታል።

ከዚያ ፎርሙን አመጣ። ኮሪደር ላይ ቆመን ነው። ጠረጴዛ የለም። ደብተሩን ከስር አድርጎ ወረቀቱን መሃሉ ላይ አጠፈው። ከታች ያለው የፊርማ መስመር ብቻ ወጥቶ ታየኝ። «እዚህ ጋ» አለኝ፣ በጣቱ እያሳየኝ። ፈረምኩ። «እዚህም ጋ» አለኝ። ፈረምኩ። ወዲያው «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ቅጂ ስጠኝ አላልኩትም።

ሁለተኛው ተርም ላይ አብራኝ የምትማር ልጅ በእረፍት ሰዓት ጎተት አደረገችኝ። «ጋት አለሽ?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ያስመዘገበኝ ልጅ ጋ ደወልኩ። «ችግር የለውም፣ በመሃል ተፈትነው ያስገቡታል፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ተመዘገብኩ። ከሥራ ስመለስ ልጄን አስተኝቼ ማታ ማታ ሒሳብ አጠናሁ። ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። የውጤቱን ወረቀት ለሬጅስትራር አስገባሁ። ተቀበሉኝ። በኔ ቅጂ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም መቱበት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጋት አስቤም አላውቅ። እነሱ ግን ያን ወረቀት በእጃቸው ይዘው፣ ቀኑን እያዩ፣ የሦስተኛውን ተርም 19 ሺህ ተቀበሉኝ። የአራተኛውንም 19 ሺህ ተቀበሉኝ። ለአማካሪ 12 ሺህ ተቀበሉኝ። አንድም ሰው ጠርቶ «አንቺ፣ ያንቺ ነገር ችግር አለው» አላለኝም።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ።

የሬጅስትራሩ መስኮት ዝቅ ያለ ነው። ለማናገር ጎንበስ ማለት ግድ ነው። ከኋላዬ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል። የመመረቂያ ጽሑፌን፣ የዲፌንስ ፎርሙንና ደረሰኞቼን በቀዳዳው አስገባሁ። ጽሑፉ ስለ ሞባይል ባንኪንግና ስለ ደንበኞች እርካታ ነው። 180 መጠይቅ በእጄ በትኜ፣ ደንበኛ እየለመንኩ ያስሞላሁት ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ከጎኗ ካለችው ጋር እያወራች ተቀበለችኝ። የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ጽሑፌ ላይ አስቀመጠችና መታወቂያ ቁጥሬን ኮምፒውተሩ ላይ መታች። እንደገና መታች።

«አንቺ የዲግሪ ተማሪ አይደለሽም» አለችኝ።

የሰማሁት አልመሰለኝም። «ምን አልሽኝ?»

«ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በተላከው ዝርዝር ውስጥ ስምሽ የለም። ስትገቢ ጋት አልነበረሽም።»

ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥቼ በመስታወቱ ለጠፍኩላት። ማለፌን አሳየኋት። ቀና ብላ እንኳ በደንብ አላየችውም። «ቀኑን እዪው» አለችኝ። «ከገባሽ በኋላ ነው የተፈተንሽው። እሱ ለአዲስ ምዝገባ ይሆንሻል። እስካሁን የወሰድሻቸው ለዲግሪ አይያዙም።»

ስከፍል «እርስዎ» ነበር የሚሉኝ። ትናንት «አንቺ» ሆንኩ።

ድምፄ ከፍ አለ። ያስመዘገበኝን ልጅ ስም ጠራሁ። «እሱ ከለቀቀ ቆይቷል፤ የኮሚሽን ሠራተኛ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ሄዳ ፋይሌን አመጣች። ፎርሙን አወጣችና በቀዳዳው ገፋችልኝ። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ቁጥር 9 ላይ መታ መታ አደረገች። እንዲህ ይላል፦ አመልካቹ የመግቢያ ፈተና ማለፊያ ውጤት ከምዝገባ በፊት ካላቀረበ የሚወስዳቸው ኮርሶች ለዲግሪ አይያዙም፤ የተከፈለ ክፍያም ተመላሽ አይሆንም።

«ይሄ ፊርማሽ አይደለም?»

ፊርማዬ ነው። ከስሩ ቁጭ ብሏል። እኔ ግን ያየሁት ፊርማዬን አልነበረም። ወረቀቱ መሃል ላይ የእጥፋቱ መስመር አሁንም አለ። ይህን ያህል ጊዜ ፋይል ውስጥ ተኝቶ አልጠፋም። መስመሩ የሚያልፈው ልክ ከቁጥር 9 ስር ነው። ቁጥር 9 ከላይ፣ የፊርማው ቦታ ከታች። ያ ልጅ ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ሲያጥፍ ለመጻፊያ እንዲመቸኝ ነበር የመሰለኝ። ስንተኛው ሰው ላይ እንደዚያ እንዳጠፈው እግዚአብሔር ይወቀው። እጁ ለምዶታል። የት ጋ እንደሚታጠፍ አሳምሮ ያውቃል።

ጉልበቴ ከዳኝ። መስኮቱን ይዤ ቆምኩ።

ሠራተኛዋ ግን መፍትሔ ያለችውን ነገረችኝ። እንደ አዲስ ተማሪ ልመዝገብ። የወሰድኳቸውን ኮርሶች በኤግዘምፕሽን፣ ማለትም ዳግም ሳልማራቸው፣ ሊይዙልኝ ይችላሉ። ለአንዱ ኮርስ 1,200 ብር። ለአሥራ ሁለቱ 14,400 ብር ማለት ነው። ጽሑፉን ደግሞ በአዲሱ መታወቂያ ቁጥር፣ በአዲስ ክፍያ፣ ከፕሮፖዛል ጀምሬ። ያን ስትነግረኝ ጓደኛዋ ሳቅ አለች። በኔ ይሁን በሌላ ነገር አላውቅም። «ቀጣይ» ብላ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ብርጭቆዋን አንስታ ጽሑፌን መለሰችልኝ። ሽፋኑ ላይ ክብ የሻይ ምልክት አለ።

በራሴም ተናድጃለሁ። አልደብቅም። እኔ እኮ ብድር የሚወስድ ደንበኛ ፊቴ ሲቀመጥ «ጋሼ፣ ሳያነቡ አይፈርሙ፣ ካልገባዎት ይጠይቁኝ» የምል ሰው ነኝ። በቀን አሥር ጊዜ እላለሁ። ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ውሉን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። የራሴን ግን አንድ ገጽ ዘርግቼ አላነበብኩም። የቸኮልኩት ደግሞ ለአንድ ሳምንት ቅናሽ ነው። እናቴ በየቅዳሜው ከሰበታ በታክሲ እየመጣች ልጄን ትይዝልኝ ነበር። ጉልበቷን ያማታል። ትናንት ማታ ደውላ «የምርቃቱ ቀን ታወቀ? ነጠላዬን ላሳጥብ?» ስትለኝ ምንም መልስ አጣሁ። «ገና ነው እማዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለባለቤቴም የነገርኩት ልጃችን ከተኛች በኋላ ነው። አልተቆጣኝም። እሱ ዝም ብሎ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ሲደምር ማየት ከቁጣው ባሰብኝ።

ለምትጀምሩ ሰዎች በአጭሩ ይህን ልበል። ጋት ሳታልፉ ለማንም ኮሌጅ አንድ ብር አትክፈሉ፤ «በመሃል ትፈተናላችሁ» የሚላችሁን አትስሙ። ዕውቅና ፈቃድ ለኮሌጁ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፤ ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው፣ ጊዜም አለው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ኮፒ ትታችሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋ አረጋግጡ። የሴኔት ሌጂስሌሽናቸውን (የትምህርት ደንባቸውን) አሳዩን በሉ። የፈረማችሁትን ፎርም ቅጂ ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ። በመጀመሪያው ተርም ላይ ስማችሁ ለባለሥልጣኑ መላኩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኔ ይህን ብጠይቅ ኖሮ ቢያንስ ከ60 ሺህ ብር በላይ ይተርፈኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰኞቼን፣ ማኅተም ያለበትን የጋት ወረቀትና የፎርሙን ፎቶ ይዤ ባለሥልጣኑ ጋ እገባለሁ። ፎርሙን መስኮቱ ላይ እንዳለ በስልኬ አንስቼዋለሁ፤ እጥፋቱ በደንብ ይታያል። በ2016 ጥቅምት በቅዳሜና እሁዱ ፕሮግራም አብራችሁኝ የገባችሁ፣ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ የፈረማችሁ፣ ይህን ስታነቡ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለብቻዬ ከምገባ አብረን ብንገባ ይሻላል።