ከዳራው ወይስ ከክፍተቱ? ሁለት የጥናት መግቢያ አጀማመሮች

የጥናት ወረቀት መግቢያ ከሰፊው ዳራ ተነስቶ እየጠበበ ወደ ጥያቄው ሊወርድ፣ ወይም ክፍተቱን፣ ማለትም ቀደምት ጥናቶች ሳይመልሱት የቀሩትን ጉዳይ፣ ከጥያቄው ጋር ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ሊያስቀምጥ ይችላል።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፎች የተለመደው ፊተኛው ነው። ስለ ስንዴ ዋግ በሽታ የሚያጠና ተማሪ ስንዴ በዓለም ካለው ድርሻ ይጀምርና አፍሪካንና ኢትዮጵያን አዳርሶ አርሲ ሲደርስ ሦስተኛው ገጽ አልቋል። ዘዴው በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ከሌላ የሙያ ዘርፍ የመጣ ፈታኝ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። የሚያሰለቸው «ግብርና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት ነው» የሚለው፣ ማንም የማይከራከርበት ዐረፍተ ነገር በዋቢ ታጅቦ ሲገባና ለጥያቄው አንዳች ሳይጨምር ሲቀር ነው።

ሁለተኛው ለጆርናል ጽሑፍ ይበልጥ ይስማማል። በ1953 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ ጆርናል ላይ የወጣው የሳይንቲስቶቹ የዋትሰንና የክሪክ አጭር ጽሑፍ ለዲኤንኤ አወቃቀር ሐሳብ እንደሚያቀርብ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ወዲያውም ሌሎቹ ተመራማሪዎች ፖሊንግና ኮሪ ቀደም ብለው ያቀረቡት ባለ ሦስት ሰንሰለት ሞዴል ለምን እንደማያስኬድ ያስረዳል። እርግጥ እንዲህ መጀመር የሚያዋጣው አንባቢው ጉዳዩን አስቀድሞ ሲያውቀው ነው።

በእኔ እይታ ለመመረቂያ ጽሑፍም ቢሆን ዳራው አጥሮ ክፍተቱ ቢቀድም ይሻላል። ይሁንና «በዚህ ወረዳ ጥናት አልተካሄደም» ማለት ብቻውን ክፍተት አይሆንም፤ ወረዳው ከተጠኑት አካባቢዎች በከፍታው፣ በዝናቡ ወይም በሚዘራው ዝርያ በምን እንደሚለይና ይህ ልዩነት ውጤቱን ለምን ሊቀይረው እንደሚችል አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።