ባለ ሌቨሯ 22 ጠመንጃዬ፦ ከ11 ወር በኋላ

ይቺን ጠመንጃ ከያዝኩ 11 ወር ሞላኝ። በማስታወሻ ደብተሬ መሠረት እስካሁን 3,200 ገደማ ጥይት በልታለች። የማን ሥሪት እንደሆነች አልጠራም፤ የምለው አብዛኛው ነገር ለዓይነቷ ሁሉ ይሠራልና። 22 ካሊበር ናት፤ ማለትም የጥይቷ ውፍረት 0.22 ኢንች ገደማ ነው። ምላጩን በሚከበው ሌቨር ትቀባበላለች፣ ጥይቷን ደግሞ ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ትይዛለች። ባዶዋን 2.4 ኪሎ ትመዝናለች፣ ቱቦው 15 ጥይት ይጎርሳል።

በመጀመሪያው ወር ብትጠይቁኝ «ተዉት፣ ይቅርባችሁ» ነበር የምላችሁ። ቱቦውን አንዴ ሞልቼ እስክጨርስ ቢያንስ አንዴ ትነክሳለች። ወይ የተተኮሰው ቀለህ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወይ አዲሱ ጥይት አፍንጫውን ሽቅብ አንስቶ ይቀረቀራል። ልመልሳት ብዬ ካርቶኗን ሁሉ ፈልጌ ነበር። አንድ ቀን በተኩስ ሜዳ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ሲያዩኝ ቆይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ሌቨሩን ምነው ሳሳህለት? እስከ ጫፍ ግፋው፣ እስከ ጫፍ መልሰው» አሉኝ።

ነገሩ ያው ነበር። ሌቨሩ ወደፊት ተገፍቶ ሊያልቅ ሲል ጣት ላይ የምትሰማ ትንሽ «ቀጭ» አለች። እሷ ሳትሰማ ቀለሁ በደንብ አይወጣም፣ ቀጣዩም ጥይት በቦታው አይቀመጥም። እኔ ቶሎ ቶሎ ለመተኮስ ስል እሷ ጋ ሳልደርስ እመልሰው ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። ከዚያ ወዲህ የነከሰችኝ ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ጥፋቱ የማን እንደነበር ይኸው አመንኩ።

አሁን አሁን የምወድላት ራሱን ሌቨሩን ነው። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጅ ከሰደፉ ትንሽ ይላቀቃል፣ ዓይንም ከማነጣጠሪያው ይነሳል። እንደገና ተስተካክሎ መያዝ ግድ ነው። በራሷ የምትጎርስ ጠመንጃ ይዤ አንድ ካርቶን ጥይት እንዴት እንዳለቀ ሳላውቅ ያልቅ ነበር። በዚህች ግን እያንዳንዷን ጥይት የት እንደመታሁባት አውቃለሁ። ርግጫ የሚባል ነገር የላትም ማለት ይቻላል።

መክሸፍ ላይ እንምጣ። የ22 ጥይት እሳት ጫሪ ቅመም እንደ ትልልቆቹ ጥይቶች መሃል ላይ አልተቀመጠም። በቀለሁ ግርጌ ጠርዝ ዙሪያውን ተዳርሶ ነው ያለው። መርፌው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ነው የሚለኮሰው። ቅመሙ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ከመታ ደግሞ «ቀጭ» ብቻ! ከሁለት ዓይነት ርካሽ ጥይት በየመቶው ሁለት ሦስት ከሽፎብኛል፤ ከአንዱ ሻል ያለ ዓይነት በ800 ጥይት አንድ ብቻ። ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረግሁ 30 ሰከንድ እጠብቃለሁ፣ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና። ከዚያ አውጥቼ በብርሃን አየዋለሁ። ጠርዙ ላይ እንደ ጥፍር ምልክት ያለች ጎድጓዳ መስመር ትታያለች። አንዳንዱ ዞር ተደርጎ ሌላ ጎኑ ሲመታ ይተኩሳል። እንቢ ካለ ለብቻው ወደማስቀምጥበት ዕቃ ይገባል።

አሠራሩ ያረጀ ነው፣ ግን አልሞተም። የ1860ዋ የሄንሪ ጠመንጃም ባለ ሌቨር ነበረች፤ 16 ጥይት በቱቦ ትይዝ ነበር፣ ጥይቷም ጠርዙ የሚመታ ባለ 44 ካሊበር ነበር። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ስስ መሆን ስላለበት ከፍተኛ ግፊት አይችልም። ስለዚህ ትልልቆቹ ጥይቶች ወደ መሃል መቺው ዞሩ፣ ትንሿ 22 እዚያው ቀረች። ዛሬ የምንተኩሰው ሎንግ ራይፍል የሚባለው የ22 ጥይት በ1887 የወጣ ነው።

ጥይት መምረጡ ላይ ሰው ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ። እኔም ፈጣኑ ይሻላል ብዬ ነበር የጀመርኩት። በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ከሚሄደው ይልቅ 330 የሚሄደው በእኔ ጠመንጃ ይበልጥ ይሰበስባል፣ ማለትም ጥይቶቹ ዒላማው ላይ ተቀራርበው ይመታሉ፤ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሆነም ያ የጅራፍ ጩኸት የለውም። በ50 ሜትር አምስት ጥይት በቴሌስኮፕ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይገባልኛል፣ በብረት ማነጣጠሪያዋ ደግሞ 4 አካባቢ። በ50 ሜትር አስተካክሎ 100 ሜትር ላይ መተኮስ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጥይቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ትንሽ ነፋስም ይገፈትረዋል። ትንሽ ናት ብሎ መናቅም አይገባም፤ ያለመከታ ከተተኮሰች ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች።

ቅሬታዬ ቱቦው ላይ ነው። ለማጉረስ የውስጡን የናስ ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ስቦ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ማለትም እጅ ወደ አፈሙዝ ይጠጋል። ይሄ እስከ ዛሬ ደስ አይለኝም። ሁሌም ሌቨሩን ከፍቼ፣ መጎረሻው ባዶ መሆኑን አይቼ ነው የምነካው። በብርድ ቀን ደግሞ እነዚያን የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ጥይቶች አንድ በአንድ መክተት ትዕግሥት ይፈትናል። ማራገፉ ይብሳል። አንዴ ዘንጉን አውጥቼ፣ ጠመንጃዋን ዘቅዝቄ አራግፌ፣ «በቃ ባዶ ናት» ብዬ ሌቨሩን ሳንቀሳቅስ አንዲት ጥይት ተፈናጥራ ጫማዬ ላይ ወደቀች። ለካ ከቱቦው ወጥታ፣ ጥይቱን ወደ መጎረሻው የሚያነሳው ማንሻ ላይ ተቀምጣ ነበር። ላቤ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ ሌቨሩን ሦስት ጊዜ እስከ ጫፍ ገፍቼ፣ በዓይኔ አይቼ፣ በትንሿ ጣቴ ዳስሼ ነው የማስቀምጣት።

በሆድ ተኝቶ መተኮስም አይመችም፤ ሌቨሩ ሲወርድ መሬት ይነካል። ቴሌስኮፕ ሲታሰር ደግሞ አውራ ጣት ከኋላ ያለውን፣ መርፌውን የሚመታውን መዶሻ ለማግኘት ይቸገራል። ጎን ላይ የምትታሰር ትንሽ ማራዘሚያ ገዝቼ ተገላገልኩ።

ጽዳት ቀላል ነው፣ ከተጠነቀቁ። የ22 አረር እርሳስ ነው፣ ብዙው በሰም ይቀባል፤ ከባሩዱ ጥላሸት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ጥፋቱ ያለው መወልወያ ዘንግ በአፈሙዝ በኩል መክተቱ ላይ ነው። የአፈሙዙ ጠርዝ ከተጫረ ጠመንጃዋ አልማ መምታቷ ይቀራል። እኔ ባለ ገመድ መወልወያ በቀለህ መውጫው አስገብቼ በአፈሙዙ እስባለሁ። በ300 ጥይት አንዴ በቂዬ ነው። እጅ በሳሙና መታጠብ አይረሳ፣ እርሳስ ነውና።

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ «ሽጥልኝ» ብሎ ያዘኝ። መጀመሪያ ባዶ መሆኗን አሳየኝ አልኩት። ሌቨሩን አንዴ ግማሽ ድረስ ገፍቶ «ባዶ ናት» አለኝ። ተቀብዬው ወደ ሣጥኗ መለስኳት።