አሸንዳችንን ለሠራልን ባለሙያ ምስጋና፣ ቤቱ ለሚያፈስበትም ጥቆማ

ትናንት ሌሊት ሽሮ ሜዳ ላይ የወረደውን ዝናብ የሰማ ሰው ይረዳኛል። በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ነበር። እማዬ ግን ለጥ ብላ ተኝታ አደረች። ሦስት ክረምት ሙሉ እንዲህ ሲዘንብ በሌሊት እየተነሳች ሳሎኑ ግድግዳ ሥር ጨርቅ ስትጎዘጉዝ የኖረችው እናቴ ማለት ነው። ጠዋት ይሄን ሳይ ነው ይህን ሰው ማመስገን አለብኝ ያልኩት።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ሰው አሸንዳ ሠርቶልን ነበር። ማን እንደሆነ አላነሳም፣ እግዜር ይስጠው። አሸንዳውን በውሃ ልክ ቀጥ አድርጎ ሰቀለው፣ እኛም «እንዴት ያምራል!» አልን። ለካ ጉዱ እሱ ነው። ቀጥ ያለ አሸንዳ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ከእንጦጦ በኩል ነፋስ የሚያመጣው የባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጡ ተከማችቶ በሰበሰ፣ ጭራሽ መስከረም ላይ ሣር በቀለበት። መያዣ ብረቶቹም በየሁለት ሜትሩ ነበር የተመቱት፣ በረዶ ሲሞላበት መሃሉ ረገበ። ከዚያ በኋላማ ውሃው በአሸንዳው ጀርባ እየዞረ ግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው። ቤታችን ደግሞ የድሮ የጭቃ ቤት ነው፣ ከላይ ያለው የሲሚንቶ ልስን ብቻ ነው። ልስኑ ሲያብጥና ሲላጥ እያየሁ ሆዴ ይቃጠል ነበር።

ይሄኛውን ባለሙያ የጠቆመችኝ ጎረቤታችን ናት። ግንቦት መጨረሻ ላይ መጣ፣ ያውም ሁለት ሰዓት አርፍዶ። (ማርፈዱን አልደብቅለትም፣ ስልክም ቶሎ አያነሳም።) ዝናቡ ጀምሯል። በቃ ይመለሳል ስል «ጃንጥላ አለሽ?» አለኝ። ግቢው መሃል ቆሞ፣ ዝናቡ እየመታው፣ ውሃው ከየት እንደሚወርድና የት እንደሚጠራቀም እያየ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። እማዬ በመስኮት «ልጄ ግባ እንጂ፣ ብርድ ይመታሃል» ስትለው «ይቆዩኝ እማማ፣ አሁን ካላየሁት መቼ ላየው ነው» አላት። እኔ ልቤ የተረጋጋው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ቁጭ ብለን አሰላን። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ጣሪያ 120 ካሬ ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ 30 ሚሊ ከጣለ 3,600 ሊትር። ያንን ሁሉ በፊትም በጓሮም በአንዳንድ ቀጭን ቱቦ ልናወርድ ስንታገል ኖረናል።

እሱ ሲባጎ ወጥሮ አሸንዳውን ከመሃል ወደ ሁለቱም ጫፍ እንዲያዘነብል አደረገው። በየሜትሩ 5 ሚሊ ነው የሚወርደው፣ በ7 ሜትር ሦስት ሳንቲም ተኩል መሆኑ ነው፣ ከታች ሆናችሁ ብታዩት ዓይን አይለየውም። በየጫፉ ባለ110 ሚሊ ቱቦ ገባ፣ አፉ ላይ ለቅጠሉ የሽቦ ወንፊት። መያዣዎቹን በየ60 ሳንቲሙ መታቸው። ጠርዙ ላይ ያለውን ጣውላ ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ በስብሷል፣ እዚህ ላይ ብመታው ክረምቱ ሳይወጣ አብሮ ይወርዳል» ብሎ አስለወጠን። ተጨማሪ ወጪ ስለሆነ ተናድጄበት ነበር፣ አሁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የጣሪያው ቆርቆሮ ጫፍ አጥሮ ውሃው ከኋላ ይገባ ስለነበር ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ላሜራ አስገብቶ ወደ አሸንዳው ውስጥ አጠፈው።

መጋጠሚያውን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም የድሮው የሚያፈሰው እዚያ ጋ ነበር። ውሃው ከሚመጣበት በኩል ያለው ቁራጭ ከላይ ይደረባል፣ ውሃው ወደሚሄድበት በኩል ያለው ከሥር ይሆናል። እንደዚያ ሲሆን ውሃው በላዩ ያልፋል። የእኛ በግልባጩ ተሠርቶ ስለነበር ውሃው ቀጥታ ስንጥቁ ውስጥ ነበር የሚገባው፣ እኛ ደግሞ በየዓመቱ ሲሊኮን እንቀባበታለን።

ላሜራ የምትገዙ ሰዎች፣ ጌጁ (የውፍረቱ መለኪያ) ቁጥሩ ሲያንስ ነው ላሜራው የሚወፍረው። እኔ 32 ከ28 ይበልጣል ብዬ ቀጭኑን ልገዛ ነበር፣ መርካቶ ድረስ አብሮኝ ሄዶ ነው ያዳነኝ።

የጓሮውን አንዱን ቱቦ ወደ ሮቶ አስገባልን። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ድፉ፣ ጣሪያውን አጥቦ ስለሚመጣ ቆሻሻ ነው ብሎናል። አይጠጣም፣ ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለልብስና ለሽንት ቤት ምን ያህል እንደጠቀመን አትጠይቁኝ።

ሲጨርስ አንድ ባልዲ ውሃ አሸንዳው መሃል ደፋ። ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ አንዷን እንጨት ጣለና «ነይ ውጪና እዪ» አለኝ። መሰላሉ ላይ ሆኜ እያየሁ ክብሪቷ ቀስ ብላ ተነሳች፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አለፈች፣ ጫፍ ስትደርስ ሽው ብላ ወንፊቱ ላይ ተለጠፈች። እንደ ልጅ ነው የሳቅኩት።

ዋጋው ርካሽ አይደለም። ከጠየቅናቸው ሦስት ሰዎች ውዱ እሱ ነበር፣ ግን የተስማማነው ላይ አምስት ሳንቲም አልጨመረም። ስልኩን እዚህ አላወጣውም፣ እሱ ራሱ «አደራ እንዳታወጪው» ብሎኛል። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ «ድረስልን» ብላችሁ አታስጨንቁት፣ ሚያዝያ ግንቦት ላይ ጥሩት። ሰኔ ሳይገባ አሸንዳችሁን መጥረግም እንዳትረሱ፣ በነሐሴ አንዴ መድገም ነው።

በተረፈችው ላሜራ ለእማዬ የአመድ ማፈሻ ሠርቶላት ነው የሄደው። ዛሬ ጠዋት ቡና ልታፈላ ስትል የምድጃውን አመድ በእሷ እያፈሰች «እጁን ይባርከው በይልኝ» አለችኝ። ይኸው ብያለሁ።