ብየዳው አሪፍ፣ ጣሪያው ምጣድ

ለጅግራ ጫጩቶች ያሠራሁት ቤት ውስጥ ገብቼ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን አየሁት። 43 ዲግሪ። ቤቱ ባዶ ነው። አምፖል አልበራበትም፣ ጫጩት አልገባበትም። ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት ያን ቀን ነበር። ያኔ ብጽፈው ኖሮ ስድብ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ንዴቴ በርዷል፤ ቤቱም እንደዚያው።

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ዶሮ ከግቢዬ ጠፍቶ አያውቅም። ዓምና አንድ ወዳጄ ቤቱ ከሚያረባቸው ጅግሮች 24 እንቁላል ሰጠኝ። ከዱር የተለቀመ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት ዶሮዎች ሊታቀፉ አሰፍስፈው ነበርና አካፍዬ አስታቀፍኳቸው። እዚህ ላይ ሞኝነት ሠራሁ። ከአንዷ ሥር የዶሮ እንቁላልም ቀላቀልኩ። የዶሮ በ21 ቀን ይፈለፈላል፣ የጅግራ ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ዶሮዋ የራሷን ጫጩቶች ይዛ ወረደች፤ የጅግራው እንቁላል እዚያው ቀዘቀዘ። ሁለተኛዋ ዘጠኝ የጅግራ ጫጩት ፈለፈለች። ዝናብ ካባራ በኋላ ሣር ለሣር ይዛቸው ዞረች። የጅግራ ጫጩት እርጥበት አይችልም። የተረፉትን ድመት ጨረሳቸው።

ዘንድሮ እንቁላሉን በማሽን አስፈለፍልኩና ለጫጩቶቹ ራሱን የቻለ ማሳደጊያ ቤት ላሠራ ተነሣሁ። ሰው የጠቆመኝ አንድ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ በኋላ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። የግቢ በርና የሱቅ ኮንቴይነር ነው የሚሠራው። «የዶሮ ቤት ሠርተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «አቦ፣ ለሰው የሠራሁ ለዶሮ ያቅተኛል?» አለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ግን ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም። አንተና አንቺ እየተባባልን ተስማማን። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 2። ከታች 60 ሳንቲም ላሜራ፣ ከዚያ በላይ ሽቦ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ዕቃው የኔ፣ የእጅ ዋጋ 18 ሺህ ብር፣ ግማሹ ቀብድ።

በስምንት ቀን አስረክባለሁ ያለው በ19 ቀኑ አለቀ። መጀመሪያ መብራት የለም። ቀጥሎ ረዳቱ ሠርግ ሄደ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ያው በርጫ ነው። ይሄንን ቅሬታ ብዬ አልጽፈውም፤ ድሬ ኖሮ ይህ የሚገርመው ሰው ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው።

እጁ ላይ ግን ነውር አላገኘሁበትም። ቱቦላሬው የተያያዘበት ቦታ ሁሉ በሞላ ተፈግፍጓል፤ ጣትህን ብታሳልፍበት አይቧጭርህም። ፀረ ዝገቱን ሁለት ጊዜ ቀብቶታል። በሩ በአንድ ጣት ይከፈታል። ከሁሉ የበለጠው ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ማሰቡ ነው። «ይሄ ነገር ይበራል አይደል? በር ስትከፍቺ በእግርሽ መሃል ሾልኮ ቢሄድስ?» አለኝ። ከዋናው በር ፊት 80 ሳንቲም የምትሆን ትንሽ ክፍል ሌላ በር አድርጎላት ጨመረ። አንዱን ዘግተህ ነው ሌላውን የምትከፍተው። የጅግራ ጫጩት ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ብድግ ብሎ ይበራል። ያች ክፍል ባትኖር ዛሬ ግማሾቹ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ነበሩ። ለዚህች ብቻ ተጨማሪ ብር ቢጠይቀኝ እከፍለው ነበር፤ አልጠየቀኝም።

አሁን ወደ ጥፋቱ። ሽቦውን «እኔ አውቃለሁ» ብሎ የገዛው እሱ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ያለውን ብዬ ነግሬዋለሁ። ይዞ የመጣው ግን ያንን የተለመደ ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ነው። «ሽቦ ሽቦ ነው» አለኝ። አይደለም! የቀን ልጅ የሆነ የጅግራ ጫጩት ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ላሜራው ላይ ዘሎ እንዳይወጣ ስጠብቅ፣ እነሱ በበሩ በኩል ሽቦው ዝቅ ባለበት ሾለኩ። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱ ጠፉ። ጫጩት የሚያስወጣ ቀዳዳ አይጥና እባብም ያስገባል።

ጣሪያው ደግሞ የባሰ ነበር። ቆርቆሮውን ግድግዳው አናት ላይ ድፍት አድርጎ ዘግቶታል። በግንቦት የድሬ ፀሐይ ይሄ ጣሪያ አይባልም፣ ምጣድ ነው። ሙቀቱ መውጫ የለውም። የሱቅ ኮንቴይነር የሚሠራ ሰው ዋና ሐሳቡ ሌባ እንዳይገባ ነው፤ አየር እንዲወጣ አያስብም። ቤቱንም ወደ ግቢው በር ሊያዞረው ፈልጎ ነበር፣ ሲታይ ያምራል ብሎ። እዚህ ላይ እምቢ አልኩ። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲዘረጋ አደረግኩት፤ የጠዋቱም የከሰዓቱም ፀሐይ በአብዛኛው አጭሩን ግድግዳ ነው የሚመታው።

ደወልኩለት። እሑድ ጠዋት መጣ። አላንገራገረም፤ ይሄንንም መጻፍ አለብኝ። ሽቦውን በጠባቡ ቀየረው፣ ለእጁ አላስከፈለኝም። ቆርቆሮውን አንስቶ በአራት አጫጭር ብረት 40 ሳንቲም ከፍ አደረገውና ዙሪያውን ክፍተቱን በዚያው ሽቦ ሸፈነው። ከሥር ሰሌን ዘረጋን፣ ከላይ ኖራ ቀባን። በማግስቱ በዚያው 8 ሰዓት ቴርሞሜትሩ 36 አለ።

36 ብዙ ይመስላል። ግን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈልገው ወደ 35 ዲግሪ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ ገደማ ይቀነሳል። ስለዚህ ድሬ የቀኑን ሙቀት በነጻ ትሰጥሃለች፤ የምትከፍለው ለሌሊቱ ነው። እኔ ቀይ አምፖል ሰቅያለሁ፤ ቀዩ መነካከሱንም ይቀንሳል። ቴርሞሜትሩን ብዙም አልሰማውም፣ ጫጩቶቹን ነው የማየው። አምፖሉ ሥር ከተቆላለፉ በርዷቸዋል። አፋቸውን ከፍተው ወደ ዳር ከሸሹ ሞቋቸዋል። መብራት ሲሄድ ትኩስ ውሃ በጄሪካን ሞልቼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ መሃላቸው አስቀምጣለሁ። ከሰል አንድዳችሁ ቤቱን እንዳትዘጉ፤ ጭሱ ባይታይም ይጨርሳቸዋል።

አንድ ጥፋት የኔ ነው። ማዕዘኑን አላሰብኩበትም። ጅግራ ሲደነግጥም ሲበርደውም ጥግ ሄዶ ይደራረባል፤ ከሥር ያለው ይታፈናል። በመጀመሪያው ሌሊት አራት እንዲያ ሞቱብኝ። በማግስቱ የተረፈ ላሜራ ክብ አድርጌ አጥሬ መሃል ላይ አስገባኋቸው። ባለሙያው ይሄን ሊያውቅ አይችልም። እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ላዩ ላይ ከአናጢ ቤት ያመጣሁት ሰጋቱራ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ግን ሰጋቱራውን በጆንያ ሸፍኑት፤ ምግብ መስሏቸው ይለቅሙታል። ጋዜጣ አታንጥፉ፣ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ይከፈታል። የውሃ ሳህኑ ውስጥ ጠጠር ጨምሩ፣ አለበለዚያ ይሰምጣሉ። መኖ ላይ የጅግራ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ከ24 እስከ 26 በመቶ። ተራው የጫጩት መኖ እዚያ አይደርስም። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሬ እጨምርበታለሁ። ለእንቁላል ልጅ እንቁላል መመገቡ መጀመሪያ ቀፎኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

ሰው ልላክለት ወይ? እልካለሁ። ግን ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ። ጣሪያውን ከግድግዳው ለየው በሉት። ሽቦውን ራሳችሁ ግዙ፤ ትንሿ ጣታችሁ የምትገባበት ከሆነ አትግዙት። ጠዋት ሂዱ። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ በሚያዝያ ወይ በግንቦት ቀን 8 ሰዓት ላይ ውስጡ ቆማችሁ ካያችሁት በኋላ ስጡ።

እኔም 3 ሺህ ብር ይዤበት ነበር። ባለፈው ሳምንት ሊወስድ መጣ። 40 ከነበሩት 33 ጅግሮች አሉኝ፤ አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ጅግራ ባዳ ሰው ሲያይ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገና በሩን ሲነካው ሠላሳ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ጮኹበት። ሰውዬው ወደኋላ ዘለለ። «እኔ ነኝ እኮ የሠራሁላችሁ!» አላቸው። አልሰሙትም። ብሩን ከግቢው በር ውጭ ቆሞ ቆጠረ።